በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር የግራፊክስ አቅም አለካክ፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

መግቢያ

ይህ ማብራሪያ በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ስርዓተ ክወና) የሚሠራ ወይም ወደ ሊኑክስ ሊዛወር የታሰበ ኮምፒውተር ምን ያህል የግራፊክስ አቅም እንዳለው ያለ ክፍያ በሚገኙ የመለኪያ ፕሮግራሞች ለማወቅ ለሚፈልጉ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። በተለይም ያገለገለ ኮምፒውተር ለመግዛት ወይም በእጃቸው ያለውን ለመለወጥ ላሰቡ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ሰጪዎች፣ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ ባለቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ተማሪዎች ይጠቅማል።

ጉዳዩ በአሁኑ ወቅት ትኩረት የሚሻበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች መካከል በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጡትን ብቻ ይቀበላል። በመሆኑም አካላቸው ደህና የሆነ በርካታ ኮምፒውተሮች በሁለት ምርጫዎች መካከል ይገኛሉ፤ መጣል ወይም ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን። ሊኑክስ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሁለተኛው አማራጭ ነው። ለአገራችን ተጠቃሚም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የአንድሮይድ ስልኮች ውስጣዊ ከርነል ሊኑክስ ነው።

ይሁን እንጂ ወደ ሊኑክስ የተዛወረ ኮምፒውተር ለታሰበለት ሥራ ይበቃ እንደሆነ በግምት መወሰን ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል። የወገራ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ጎንደር ከተማ ወርዶ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ከሆነ፣ የትራንስፖርቱ ወጪና የሥራ ቀኑ ይባክንበታል፤ ሻጩም መልሶ ላይቀበለው ይችላል። በሻጩ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ልኬት ይህን ኪሳራ ሊያስቀር ይችላል።

1. የግራፊክስ መለኪያ ፕሮግራም ምንነት

የግራፊክስ መለኪያ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን አስቀድሞ የተወሰኑ ሥዕሎችን በተከታታይ እንዲሥል በማዘዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ሥዕል ሠርቶ እንደጨረሰ የሚቆጥር ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል፤ ውጤቱም በፍሬም በሰከንድ ይገለጻል። ኮምፒውተሩ 60 ፍሬም በሰከንድ ሠራ ማለት ለአንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ፈጀበት ማለት ነው፤ 30 ፍሬም ከሆነ ደግሞ 33.3 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል።

ውጤቱ እንደ ፈተና ማርክ በራሱ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚባል አይደለም። ትርጉም የሚኖረው በአንድ ዓይነት ፕሮግራም፣ በአንድ ዓይነት የፕሮግራም ሥሪት፣ በአንድ ዓይነት የስክሪን ስፋትና በተመሳሳይ ሁኔታ ከተገኘ ሌላ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ ሁለት ቁጥሮችን ማወዳደር በቁናና በኪሎ የተሰፈረን እህል ሳይቀይሩ እንደ ማወዳደር ይቆጠራል።

2. አንድ ኮምፒውተር በዊንዶውስና በሊኑክስ የተለያየ ውጤት የሚያሳይበት ምክንያት

የግራፊክስ ክፍሉ (ጂፒዩ) ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚግባባው ድራይቨር በተባለ አገናኝ ፕሮግራም አማካኝነት ነው። በዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩን የሚያዘጋጀው የክፍሉ አምራች ነው። በሊኑክስ ላይ ግን አሠራሩ እንደ አምራቹ ይለያያል።

ሀ) ኢንቴል እና ኤኤምዲ፦ የነዚህ ክፍሎች ድራይቨር በአብዛኛው ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ከርነሉ ውስጥ ካለው ክፍል በተጨማሪ ሜሳ የተባለው የጋራ የፕሮግራም ስብስብ ሥዕሉን የመሥራት ትእዛዙን ያስፈጽማል። ተጠቃሚው ለብቻው የሚጭነው ነገር አይኖርም።

ለ) ኤንቪዲያ፦ ከሊኑክስ ጋር አብሮ የሚመጣው ኑቮ የተባለው ድራይቨር በብዙ ካርዶች ላይ ክፍሉን በሙሉ ፍጥነቱ ማሠራት አይችልም። ሙሉ አቅሙን ለማግኘት የአምራቹን ድራይቨር ለብቻው መጫን ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ የኤንቪዲያ ካርድ ድራይቨሩ ከመጫኑ በፊት ያሳየው ዝቅተኛ ውጤት የካርዱን ደካማነት አያረጋግጥም።

ሐ) ድራይቨር ያልተገኘለት ክፍል፦ ሊኑክስ ተስማሚ ድራይቨር ሲያጣ ሥዕሉን በፕሮሰሰሩ ብቻ ይሠራል። ይህን የሚያከናውነው ኤልኤልቪኤምፓይፕ የተባለው የሜሳ አካል ነው። ስክሪኑ ይበራል፣ መስኮቶች ይከፈታሉ፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ የሚለካው ግን ፕሮሰሰሩ እንጂ የግራፊክስ ክፍሉ አይደለም። በልኬት ላይ ከሚያጋጥሙ ስሕተቶች ሁሉ በቀላሉ የሚያመልጠው ይህ ነው።

3. ከልኬቱ በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

3.1 የሚያስፈልገው ፕሮግራም በሊኑክስ መኖሩ

ማንኛውም የፍጥነት ልኬት ከመደረጉ በፊት ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ፕሮግራም በሊኑክስ መሥራቱን ማረጋገጥ ይገባል። ለሒሳብ ሥራ በአገራችን በስፋት የሚታወቀው ፒችትሪ፣ ለንድፍ ሥራ የሚያገለግለው አውቶካድ እና ለፎቶ ሥራ የሚያገለግለው ፎቶሾፕ ለሊኑክስ የተዘጋጀ ሥሪት የላቸውም። በምትካቸው እንደ ሥራው ዓይነት ጊምፕ፣ ክሪታ፣ ሊብሬካድ፣ ፍሪካድ፣ ኬደንላይቭ እና ሊብሬኦፊስን የመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ይገኛሉ። ደንበኞች ይዘው የሚመጡት ፋይል በእነዚህ ፕሮግራሞች በትክክል መከፈቱን በናሙና ፋይል አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

በፓወር ግዕዝ የአማርኛ ጽሑፍ የሚሠሩ ተገልጋዮችም ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። በሊኑክስ አማርኛ የሚጻፈው አይባስ በተባለው የግቤት ሥርዓት ሲሆን፣ ፊደሉን ለማሳየት አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሳሰሉ ነጻ የፊደል ቅርጾች ይገኛሉ። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ በሁለቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ይነበባል፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ቅርጾች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ግን ያው የፊደል ቅርጽ ካልተጫነ ወይም ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል።

3.2 የግራፊክስ ክፍሉ የሚደግፈው የኦፕንጂኤል ደረጃ

ኦፕንጂኤል ፕሮግራሞች የግራፊክስ ክፍሉን የሚያዙበት የጋራ ደንብ ነው። አንድ ፕሮግራም የሚጠይቀው ደረጃ ከሌለ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ፕሮግራሙ አይከፈትም። ለምሳሌ ብሌንደር የተባለው የሦስት አውታር ንድፍ ፕሮግራም ከ4.0 ሥሪቱ ጀምሮ ኦፕንጂኤል 4.3 ይጠይቃል። በሊኑክስ ላይ የኢንቴል 3ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ኤችዲ 4000 የግራፊክስ ክፍል ግን የሚደርሰው እስከ 4.2 ነው። በመሆኑም ብሌንደርን ለሚፈልግ ተማሪ የኦፕንጂኤል ደረጃው ከፍጥነት ቁጥሩ ይቀድማል።

3.3 ሥዕሉን የሚሠራው ክፍል ማንነት

በኡቡንቱ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አባውት» ወይም «ሲስተም ዲቴልስ» የሚለው ገጽ ሲከፈት «ግራፊክስ» በሚለው መስመር ላይ የክፍሉ ስም ይታያል። በሊኑክስ ሚንት ይኸው መረጃ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» በሚለው መስኮት ይገኛል። በዚህ ቦታ የኢንቴል፣ የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ስም ሊኖር ይገባል። በምትኩ ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚል ስም ከታየ ልኬቱን መቀጠል ጥቅም የለውም፤ በቅድሚያ የድራይቨሩ ጉዳይ መፈታት አለበት።

4. የመለኪያ ፕሮግራሞች

ጂኤልኤክስጊርስ፦ የሚሽከረከሩ ጥርሶች ያሏቸው ሦስት ጎማዎችን የሚያሳይ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። የግራፊክስ ድራይቨሩ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ይጠቅማል እንጂ የአቅም መለኪያ አይደለም። የሚሥለው ሥዕል እጅግ ቀላል በመሆኑ የሚያወጣው ትልቅ ቁጥር ስለ እውነተኛ ሥራ የሚነግረው ነገር የለም። ሻጭ ይህን ፕሮግራም አስከፍቶ በሚያሳየው ቁጥር ላይ መተማመን አይገባም።

ጂኤልማርክ2፦ ለአሮጌም ለአዲስም ኮምፒውተር የሚስማማና ኦፕንጂኤል 2.0 ብቻ የሚጠይቅ ነጻ ፕሮግራም ነው። መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ በሞባይል ዳታ በቀላሉ ይወርዳል። ትርኢቶችን እየቀያየረ እያንዳንዳቸውን ለ10 ሰከንድ ያህል ካሳየ በኋላ የሁሉንም አማካይ ፍሬም በሰከንድ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ያቀርባል። ሲጀምርም ሥዕሉን የሚሠራውን ክፍል ስም በጽሑፍ ያሳያል። ለአብዛኞቹ ተገልጋዮች ይህ ፕሮግራም በቂ ነው።

ሄቨን፣ ቫሊ እና ሱፐርፖዚሽን፦ ዩኒጂን በተባለው ድርጅት የተዘጋጁ፣ ለሊኑክስም ለዊንዶውስም ሥሪት ያላቸው ከባድ መለኪያዎች ናቸው። ሄቨን እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቫሊ በ2013፣ ሱፐርፖዚሽን በ2017 ወጥተዋል። በሁለቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ስለሚሠሩ አንድን ኮምፒውተር በዊንዶውስና በሊኑክስ ለማነጻጸር ያመቻሉ። ሱፐርፖዚሽን ኦፕንጂኤል 4.5 የሚጠይቅና ከ1 ጊጋ ባይት በላይ የሚመዝን በመሆኑ ለቆየ ላፕቶፕ አይመከርም።

ፎሮኒክስ ቴስት ስዊት፦ የመጀመሪያው ዋና ሥሪቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሲሆን፣ በርካታ መለኪያዎችን ራሱ አውርዶ፣ ደጋግሞ አስሂዶና አማካዩን አስልቶ ሪፖርት ያዘጋጃል። በርካታ ኮምፒውተሮችን በአንድ ደንብ ለመለካት ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ወይም የሙያ ኮሌጅ ተስማሚ ነው። የሚያወርደው ፋይል ብዙ ሊሆን ስለሚችል በሞባይል ዳታ መጠቀም ወጪ ያስከትላል።

5. የአካባቢ ሁኔታ በውጤቱ ላይ ያለው ተጽዕኖ

5.1 ከፍታ

የኮምፒውተር ማራገቢያ ሙቀትን የሚያስወግደው አየር በማንቀሳቀስ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የወገራ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ከዚያ ይልቃሉ። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። አየሩ ስለሳሳ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚያስወግደው ሙቀት ይቀንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሰዋል።

ሙቀቱ ወደ ተወሰነው ገደብ (በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ) ሲቃረብ ኮምፒውተሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ላፕቶፕ በመተማ ቆላ፣ በጎንደርና በአምባ ጊዮርጊስ የሚያሳየው ውጤት ሊለያይ ይችላል። ልኬቱ የሚታመነው ኮምፒውተሩ በሚሠራበት ቦታ ሲደገም ነው።

5.2 አቧራና ጭስ

በበጋ ወራት የሚነሣው አቧራና በየቤቱ የሚጨሰው ጭስ በማራገቢያውና በሙቀት ማስወገጃው ቀጭን ክንፎች መካከል ይጋገራል። ያገለገለ ላፕቶፕ ዝቅተኛ ውጤት ሲያሳይ በብዙ አጋጣሚ መንስኤው የክፍሉ እርጅና ሳይሆን ይህ ነው። ባለሙያ ማራገቢያውን ካጸዳና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ከለወጠ በኋላ ልኬቱን መድገም ይገባል።

5.3 የኤሌክትሪክ ኃይል

ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ልኬት የሚደረገው ቻርጀር ተሰክቶ ነው። መብራት በልኬቱ መሐል ቢቋረጥ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ተሸጋግሮ ሥራውን ይቀጥላል፤ ውጤቱ ግን የተዛባ ስለሚሆን ሊመዘገብ አይገባም። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባለቤቶች ዩፒኤስ ወይም ስታብላይዘር እንዲጠቀሙ ይመከራል።

6. የአለካክ ቅደም ተከተል

የሚከተለው ቅደም ተከተል በሊኑክስ ሚንት ላይ በጂኤልማርክ2 ለሚደረግ ልኬት የተዘጋጀ ነው። በሌሎች የሊኑክስ ስርጭቶችም በመጠነኛ ልዩነት ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ቻርጀሩን ይሰኩ። በኃይል አጠቃቀም ቅንብሩ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚል አማራጭ ካለ ይምረጡ።

ደረጃ 2፦ ላፕቶፑን በጠንካራና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። አልጋ፣ ጋቢ ወይም ትራስ የአየር መግቢያውን ይዘጋል።

ደረጃ 3፦ በክፍል 3.3 በተገለጸው መሠረት የግራፊክስ ክፍሉን ስም አይተው ይመዝግቡ።

ደረጃ 4፦ «ሲናፕቲክ» የተባለውን የፕሮግራም መጫኛ ከፍተው መለኪያውን ይፈልጉና ይጫኑ። ስሙ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ጂ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ኬ እና ቁጥር 2 ተብሎ ያለ ክፍተት ይጻፋል። በአንዳንድ ስርጭቶች በስሙ መጨረሻ ላይ የማሳያ ሥርዓቱ ስም (ኤክስ11 ወይም ዌይላንድ) ይጨመራል፤ ከሚጠቀሙበት ሥርዓት ጋር የሚዛመደውን ይምረጡ።

ደረጃ 5፦ ብሮውዘርንና ሌሎች ክፍት ፕሮግራሞችን ይዝጉ። ኮምፒውተሩ በራሱ ማሻሻያ በማውረድ ላይ ከሆነ እስኪጨርስ ይጠብቁ።

ደረጃ 6፦ ተርሚናል ከፍተው የፕሮግራሙን ስም ይጻፉና አስገባ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። የትርኢቱን መስኮት ሳያንቀሳቅሱና ሳያሳንሱ እስኪያበቃ ይጠብቁ።

ደረጃ 7፦ በመጨረሻ የሚታየውን ጠቅላላ ውጤት ይመዝግቡ። ኮምፒውተሩን ሳያሳርፉ ልኬቱን ሁለት ጊዜ ይድገሙ። በጠቅላላው ሦስት ቁጥሮች ሊኖሩ ይገባል።

ደረጃ 8፦ ከሦስቱ ቁጥሮች ጋር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሊኑክሱን ስምና ሥሪት፣ የግራፊክስ ክፍሉን ስም፣ የራሙን መጠንና ብዛት፣ እንዲሁም የመለኪያውን ሥሪት በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። እነዚህ ዝርዝሮች የሌሉት ቁጥር ከወራት በኋላ ለማነጻጸሪያ አያገለግልም።

ሄቨንን ወይም ቫሊን የሚጠቀሙ ተገልጋዮች ፕሮግራሙ ተከፍቶ ትርኢቱ ሲጀምር የኤፍ9 ቁልፍን በመጫን ልኬቱን ያስጀምራሉ። በመጨረሻ አማካይ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ፍሬም በሰከንድ ይቀርባል።

7. ውጤቱን ማንበብ

ሦስቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ከሆኑ፦ ልኬቱ የተረጋጋና ሊታመን የሚችል ነው። መካከለኛውን ቁጥር መያዝ በቂ ነው።

ቁጥሮቹ በየጊዜው ከቀነሱ፦ ለምሳሌ የመጀመሪያው 1,000፣ ሁለተኛው 900፣ ሦስተኛው 800 ቢሆን ኮምፒውተሩ ሲሞቅ 20 በመቶ አቅሙን አጥቷል ማለት ነው። ይህ የማቀዝቀዣ ችግር ምልክት ነው። የሠርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር ለሰዓታት የሚሠራ ኮምፒውተር እውነተኛ አቅሙ ሦስተኛው ቁጥር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ውጤቱ 60 ላይ ከቆመ፦ ትርኢቱ ቢቀያየርም ቁጥሩ ከ60 የማይነቃነቅ ከሆነ ክፍሉ ከስክሪኑ የማደስ ፍጥነት ጋር እንዲመሳሰል ታስሯል ማለት ነው። የተለካው ስክሪኑ ነው። በሄቨንና በቫሊ መነሻ ገጽ ላይ ያለውን የማመሳሰያ አማራጭ በማጥፋት ልኬቱ ይደገማል።

አማካዩ ጥሩ ሆኖ ዝቅተኛው በጣም ካነሰ፦ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው ፈጣን ቢሆንም በየመሐሉ ይቆማል። ለተጠቃሚ የሚታወቀው አማካዩ ሳይሆን ይህ መቆም ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው የራም ማነስ ወይም ሙቀት ነው።

ውጤቱ ዝቅተኛ ቢሆንም የተረጋጋ ከሆነ፦ የራሙን አቀማመጥ መመልከት ይገባል። ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ የግራፊክስ ክፍል የራሱ ማኅደረ ትውስታ ስለሌለው የኮምፒውተሩን ራም ይጋራል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ለራም ሁለት ቦታ ቢኖርም አንዱ ባዶ ሆኖ ይሸጣል። ሁለተኛ ተመሳሳይ ራም ሲጨመር ክፍሉ በሁለት መስመር መረጃ ማግኘት ስለሚችል የግራፊክስ ውጤቱ በሚታይ መጠን ሊሻሻል ይችላል። የአንድ ራም ዋጋ ከሌላ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ስለሆነም ኮምፒውተሩን ለመለወጥ ከመወሰን በፊት ይህን ማየት ተገቢ ነው።

ውጤቱ የማይነግረው ነገርም መታወቅ አለበት። ጽሑፍ መጻፍ፣ ማተም፣ ኢንተርኔት መጠቀምና የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ቅጾችን መሙላት ከፍተኛ የግራፊክስ አቅም አይጠይቁም፤ ለእነዚህ ሥራዎች በቂ ራምና ኤስኤስዲ ዲስክ መኖሩ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ቪዲዮ ማጫወትም በግራፊክስ ክፍሉ ውስጥ ለብቻው በተሠራ የቪዲዮ መፍቻ የሚከናወን በመሆኑ በጂኤልማርክ2 አይለካም። ይህን ለማረጋገጥ በዕለት ሥራ የሚያጋጥመውን ዓይነት የቪዲዮ ፋይል ራሱን አጫውቶ ማየት ይሻላል።

8. ያገለገለ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት በፍላሽ መለካት

ሊኑክስን በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል። በዚህ አሠራር «ጫን» የሚለው ትእዛዝ እስካልተመረጠ ድረስ በዲስኩ ላይ ያለ ዊንዶውስም ሆነ ፋይል አይነካም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በሻጩ ፊት ሊከናወን ይችላል።

ለዚህም ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል። የሊኑክስ ሚንት ፋይል 3 ጊጋ ባይት ያህል የሚመዝን በመሆኑ በዋይፋይ ወይም አስቀድሞ ካወረደ ሰው ማግኘት ወጪ ይቆጥባል። ፋይሉ ወደ ፍላሹ የሚገለበጠው እንደ ማንኛውም ፋይል በኮፒ ሳይሆን ማስነሻ ፍላሽ በሚያዘጋጅ ፕሮግራም (ለምሳሌ ሩፈስ) ነው። በፍላሹ ላይ የነበረ መረጃ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ፍላሹ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የማስነሻ ምርጫውን ለማግኘት በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ9 ይጫናል። ሊኑክሱ ከተነሣ በኋላ በክፍል 6 የተዘረዘሩት ደረጃዎች ይከናወናሉ። ኢንተርኔት በሻጩ ቦታ ከሌለ የስልክ ዳታን በኬብል በማጋራት ጂኤልማርክ2ን ማውረድ ይቻላል።

በዚህ ሙከራ ወቅት ከግራፊክስ ልኬቱ ጎን ለጎን ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ የኪቦርድ ቁልፎች፣ የስክሪን ብርሃን መቆጣጠሪያና ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት መንቃቱ ይፈተሻል። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ከፍላሽ ሲለካ በክፍል 2 በተገለጸው ምክንያት ከእውነተኛ አቅሙ ያነሰ ቁጥር ሊያሳይ እንደሚችል ታሳቢ መደረግ አለበት።

9. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን ጭኜ ብለካ ይሆናል?
መልስ፦ አይሆንም። ቨርቹዋል ማሽን የራሱን ምናባዊ የግራፊክስ ክፍል ስለሚያቀርብ ውጤቱ የእውነተኛውን ክፍል አቅም አያሳይም። ከፍላሽ ማስነሣት የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የመለኪያ ፕሮግራም ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል?
መልስ፦ ጤናማ ኮምፒውተር በሙቀት ገደቡ ላይ ራሱን ይጠብቃል። በልኬት መሐል በድንገት የሚጠፋ ወይም በስክሪኑ ላይ የተቆራረጠ ሥዕል የሚያሳይ ኮምፒውተር ግን አስቀድሞ ችግር ያለበት ነው፤ ገዢው ይህን ከመክፈሉ በፊት ማወቁ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ልኬቱ የግል መረጃዬን ወደ ውጭ ይልካል?
መልስ፦ ጂኤልማርክ2 ውጤቱን በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያሳያል። ፎሮኒክስ ቴስት ስዊት ግን ውጤቱንና የኮምፒውተሩን ዝርዝር በይፋ ለማጋራት ፈቃድ ይጠይቃል። የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚለካ ሰው ፈቃድ ሳይሰጥ ቢያልፈው ይመረጣል።

ጥያቄ፦ በልኬቱ ረክቼ ሊኑክስን ለመጫን ብወስንስ?
መልስ፦ በዲስኩ ላይ ያሉ ሰነዶች ሁሉ በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ መገልበጣቸውን ሳያረጋግጡ መጫን አይገባም። ኡቡንቱ 24.04 እና በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 መደበኛ ማሻሻያ የሚያገኙ በመሆናቸው ለዕለት ሥራ ተስማሚ ናቸው።

ማጠቃለያ

የግራፊክስ ልኬት ዋና ጥቅሙ ትልቅ ቁጥር ማግኘት ሳይሆን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ችግሩ የት እንዳለ መለየት ነው። ዝቅተኛ ውጤት ሲገኝ ችግሩ የድራይቨር ከሆነ ያለ ክፍያ ይስተካከላል፤ የአቧራ ከሆነ በጽዳት፣ የራም ከሆነ በአንድ ራም ጭማሪ ሊፈታ ይችላል። ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ተገቢ የሚሆነው እነዚህ ሁሉ ተፈትሸው ካለቁ በኋላ ነው። ተገልጋዮች ሦስቱን ቁጥሮችና በደረጃ 8 የተዘረዘሩትን መረጃዎች የያዘውን ወረቀት ከኮምፒውተሩ ደረሰኝ ጋር እንዲያስቀምጡና በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይም የበጋው አቧራ ካለፈ በኋላ፣ ልኬቱን በዚያው ቦታ ደግመው እንዲያነጻጽሩ ይመከራል።